የጦር መርከብ የናፍጣ ሞተር ጭስን እንዴት እንቀንስ? ከሞተር ክፍል የሚጀምር መመሪያ

ጥቁር ጭስ እየተፋ የሚሄድ መርከብ ገና ከሩቅ ይታያል። ለጦር መርከብ ይህ ራስን ማጋለጥ ነው። እኔን ግን ከዚያ በላይ የሚያሳስበኝ ጭሱን በየቀኑ የሚተነፍሱት ልጆች ጉዳይ ነው። በዓለም ጤና ድርጅት ሥር ያለው የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2012 እ.ኤ.አ. የናፍጣ ሞተር ጭስን ካንሰር እንደሚያመጡ በተረጋገጡ ነገሮች ተርታ አስቀምጦታል። ሞተር ክፍል የሚያድረው ሰው ይህን ማወቅ አለበት።

መመሪያውን የጻፍኩት እጃቸው ዘይት ለሚነካ ሰዎች ነው። በአሜሪካ ባሕር ኃይል የሚያገለግሉ ወገኖቻችን አሉ። ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የማሪታይም ማሠልጠኛ ወጥተው በንግድ መርከቦች ላይ የሚሠሩ ልጆችም አሉ። ለነገሩ የእኛው የቀድሞ ባሕር ኃይል ዋና መርከብ «ኢትዮጵያ»ም በ1962 እ.ኤ.አ. ከአሜሪካ የመጣች የናፍጣ መርከብ ነበረች። ስለዚህ ነገሩ ለእኛ ጨርሶ ባዕድ አይደለም።

ምሳሌ የማደርገው የአሜሪካ ባሕር ኃይል የዊድቢ አይላንድና የሳን አንቶኒዮ ዓይነት መርከቦችን ነው። ወታደርና ተሽከርካሪ ጭነው ወደ ባሕር ዳርቻ የሚያደርሱ ትልልቅ መርከቦች ናቸው። እያንዳንዳቸው አራት ኮልት-ፒልስቲክ የናፍጣ ሞተሮች አሏቸው። ሁለት ሁለቱ ተጣምረው በማርሽ ሳጥን በኩል አንድ የፕሮፔለር ዘንግ ያዞራሉ። ይህን አደራደር አስታውሱት፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ስለ ሕጉ አንድ ነገር ልበል። ማርፖል የሚባለው ዓለም አቀፍ የባሕር ብክለት ስምምነት የጦር መርከብን በቀጥታ አያስገድድም። ሦስተኛው አንቀጽ ነፃ አድርጎታል። ነገር ግን ያው አንቀጽ እያንዳንዱ አገር የጦር መርከቦቹ ሥራቸው ሳይስተጓጎል በተቻለ መጠን ከስምምነቱ ጋር እንዲስማሙ ማድረግ እንዳለበት ይናገራል። «እኛን አይመለከተንም» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ሁለተኛውን ግማሽ አንብቡለት።

1. ጭሱን ማንበብ

መፍቻ ከማንሳታችሁ በፊት ወደ ላይ ውጡና ጭስ ማውጫውን እዩ።

ጥቁር ጭስ ማለት ነዳጁ በዝቷል፣ ወይም አየሩ አንሷል ማለት ነው። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየተቃጠለ ነው፤ የፒስተን ፋሻ፣ የቫልቭ መሪ ወይም የቱርቦው (አየር ወደ ሲሊንደር የሚገፋው መሣሪያ) ማሸጊያ ላይ ችግር አለ። ነጭ ጭስ ደግሞ ያልተቃጠለ የነዳጅ ተን ወይም ውሃ ነው። ሞተሩ ሲሞቅ ከጠፋ ብዙም አትጨነቁ። ካልጠፋና የማቀዝቀዣው ውሃ እየቀነሰ ከሄደ ግን ሞተሩን አቁሙና ቴስታታውን (የሲሊንደሩን ክዳን) ፈትሹ።

ዓይን የማያየው አደገኛ ነገርም አለ። ናይትሮጅን ኦክሳይድ ይባላል፤ የሙያው ሰዎች ኖክስ እያሉ ያሳጥሩታል። ከነዳጁ የሚመጣ አይመስላችሁ። በአየሩ ውስጥ ያለው ናይትሮጅንና ኦክስጅን ሲሊንደር ውስጥ ባለው ኃይለኛ ሙቀት ተዋህደው የሚፈጥሩት ነው። ስለዚህ እሳቱ በጣም ሲሞቅ ጥቀርሻው ይቀንስና ኖክስ ይጨምራል። እሳቱ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ኖክስ ይቀንስና ጥቀርሻው ይበዛል። ሁለቱ እንደ ሚዛን ናቸው፤ አንዱ ሲወርድ ሌላው ይወጣል። የዚህ ሥራ ችግሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው።

2. ከመንካት በፊት መለካት

ሳትለኩ የጀመራችሁት ጥገና ይሻል ይባስ አታውቁትም። ሞተሩን በአራት የጭነት ደረጃ አሂዱ፦ በባዶ፣ በ25፣ በ50 እና በ75 በመቶ። በየደረጃው ሙቀቱ እስኪረጋጋ ጠብቁ። ከዚያ የእያንዳንዱን ሲሊንደር የጭስ ሙቀት፣ የመጭመቂያና የማቃጠያ ግፊት፣ የነዳጅ ራኩን (ወደ ሲሊንደር የሚገባውን ነዳጅ መጠን የሚወስነውን ዘንግ) ቁጥር፣ የቱርቦውን ዙር፣ ወደ ሲሊንደር የሚገባውን አየር ግፊትና ሙቀት መዝግቡ። ተንቀሳቃሽ የጋዝ መለኪያ ካላችሁ ኖክስ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድና ኦክስጅንም ጨምሩ። የባሕሩን ውሃና የሞተር ክፍሉን ሙቀት መጻፍ አትርሱ። ሞቃት ባሕር ላይ የለካችሁትን ከቀዝቃዛ ባሕር ጋር ካወዳደራችሁ ራሳችሁን ታታልላላችሁ።

ለማነጻጸሪያ ያህል የማርፖልን ቁጥር እንውሰድ። በደቂቃ 520 ጊዜ ለሚዞር ሞተር በኪሎ ዋት ሰዓት የሚፈቀደው ኖክስ በመጀመሪያው ደረጃ 12.9 ግራም ገደማ ነው። ከ2011 እ.ኤ.አ. ወዲህ በተሠሩ መርከቦች ላይ ወደ 10.4 ይወርዳል። በሦስተኛው ደረጃ፣ ልዩ ቁጥጥር ባለባቸው ባሕሮች ላይ፣ 2.6 ብቻ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። እነዚህ ቁጥሮች የሚለኩት በተወሰነ የፈተና ዑደት ነው። ለፕሮፔለር ሞተር በሚውለው ኢ3 በተባለው ዑደት፣ የ75 በመቶ ጭነት ብቻውን የውጤቱን ግማሽ ይይዛል። 25 በመቶው 15 ከመቶ ብቻ ነው ያለው። ለኮንቴይነር መርከብ ይህ ትክክል ነው። ውቅያኖስ የሚያቋርጠው በዚያው ጭነት ነውና። የጦር መርከብ ግን ኑሮው ሌላ ነው። ይዞራል፣ ይጠብቃል፣ በዝግታ ይጓዛል፣ ለድንገተኛ ፍጥነት ተብሎ ሞተሩ ሁሉ እንደተነሳ ያድራል። ሰዓቱን የሚያሳልፈው ፈተናው ብዙም በማይመለከተው በዝቅተኛ ጭነት ላይ ነው። ጭሱም ከዚያ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ውድ መሣሪያ ከመግዛት በፊት ቀጣዩን እርምጃ በደንብ ሥሩ።

3. ጭነቱን አሰባስቡ

ናፍጣ ሞተር በዝቅተኛ ጭነት ሲሠራ ሲሊንደሩ አይሞቅም። ቱርቦው በቂ አየር አይገፋም። ነዳጁም እንደ ጉም ተበትኖ አይረጭም። ያልተቃጠለው ነዳጅና ዘይት በጭስ ማውጫው ግድግዳ ላይ እንደ ሙጫ ይለጠፋል። ከሰዓታት በኋላ ድንገት ፍጥነት ሲጠየቅ ያ ሁሉ ተነቃቅሎ ይወጣል። አንዳንዴም እዚያው ይቀጣጠላል። የጭስ ማውጫ እሳት የሚባለው አንዱ መነሻው ይህ ነው።

መፍትሔው ሒሳብ ነው። የምትፈልጉት ፍጥነት የአራቱን ሞተሮች ጠቅላላ ኃይል 30 በመቶ ይጠይቃል እንበል። አራቱንም ብታሠሩ እያንዳንዱ በ30 በመቶ ያዘግማል። በእያንዳንዱ ዘንግ አንድ አንድ ሞተር አጥፍታችሁ በሁለት ብትሄዱ ግን እያንዳንዳቸው በ60 በመቶ ይሠራሉ። መርከቡ ያው፣ ፍጥነቱ ያው፣ ጭሱ ግን ሌላ። ከዚያም ዝቅ ባለ ፍጥነት፣ የመርከቡ መመሪያ ከፈቀደ፣ አንዱን ዘንግ አላቅቆ ፕሮፔለሩ በውሃው ኃይል ብቻ እንዲዞር መተውም ይቻላል።

ይህን የሚወስነው ሞተር ክፍል ብቻውን አይደለም። ጠባብ መተላለፊያ ላይ፣ ወደብ ሲገባ፣ በባሕር ላይ ነዳጅ ሲቀዳ፣ ስጋት ባለበት ቦታ ሞተሮቹ ሁሉ ዝግጁ መሆን አለባቸው። እዚያ ላይ ክርክር የለም። ክርክሩ ክፍት ባሕር ላይ ነው። «ለማንኛውም» ተብሎ አራቱም ሲንጫጩ የሚያድሩበት ሌሊት ብዙ ነው። ከድልድዩ (መርከቡ ከሚመራበት ክፍል) ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩ። የትኛው ሁኔታ ስንት ሞተር እንደሚጠይቅ በአንድ ገጽ ሠንጠረዥ ጽፋችሁ በአዛዡ አስፈርሙ። የተጠባባቂው ሞተር ውሃና ዘይት ሞቆ ከቆየ በፍጥነት ይነሳል፤ ይህን ለድልድዩ በሰዓት ለክታችሁ አሳዩ። ሰው በቁጥር ያምናል።

ጄነሬተሮቹም እንዲሁ ናቸው። ሁለት ጄነሬተር እያንዳንዳቸው በ40 በመቶ ከሚሠሩ አንዱ በ80 ቢሠራ ይሻላል። ነገር ግን አንዱ ሲጠፋ መርከቡ በሙሉ የሚጨልምበት ሁኔታ ካለ ሁለት ይኑሩ። ሚዛኑን እዩ።

በዝቅተኛ ጭነት መቆየት ግድ ከሆነ የአምራቹ መጽሐፍ የሚፈቅደውን ሰዓት እዩ። ሰዓቱ ሲሞላ ጭነቱን ቀስ በቀስ ከፍ አድርጋችሁ የተጠራቀመውን አቃጥሉ። ቀስ በቀስ ያልኩት በምክንያት ነው። ቱርቦው ፍጥነት ለማግኘት ጊዜ ይፈልጋል። ነዳጁ ቀድሞት ከገባ ጥቁር ጭሱ ይከተላል።

4. ኢንጀክተር

ጭነቱ ተስተካክሎ ጭሱ ካልጠፋ ቀጣዩ ተጠርጣሪ ነዳጁን ወደ ሲሊንደር የሚረጨው ኢንጀክተር ነው። እዚህ ጊዜ ውሰዱ።

ሞተሩ መቆሙን፣ ነዳጁ መዘጋቱን፣ ማስነሻ አየሩ መቆለፉን አረጋግጡና ምልክት ስቀሉ። ኢንጀክተሩን ከመንቀላችሁ በፊት ዙሪያውን በደንብ አጽዱ። የተፈቱትን ቱቦዎች አፍ ወዲያው ክደኑ። አንዲት የአሸዋ ቅንጣት አዲስ ኖዝል (የኢንጀክተሩን መርጫ ጫፍ) ታበላሻለች።

መሞከሪያው ላይ ስታስሩት መነጽርና ጓንት አድርጉ። ከኖዝሉ ፊት እጃችሁን ፈጽሞ አታስገቡ። በዚያ ግፊት የሚወጣ ነዳጅ ቆዳ በስቶ ሥጋ ውስጥ ይገባል። ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም ጣት የሚያስቆርጥ ጉዳት ነው። የደረሰበት ሰው ካለ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ይየው።

አሁን ፓምፑን በዝግታ ግፉና የሚከፈትበትን ግፊት አንብቡ። ከመጽሐፉ በታች ከሆነ ሞላው (ስፕሪንጉ) ደክሟል። ቀድሞ ይከፈታል፣ ነዳጁንም በትልልቅ ጠብታ ይለቃል። ቀጥሎ ከመክፈቻው ትንሽ ዝቅ ባለ ግፊት ያዙትና ጫፉን እዩ። መንጠባጠብ የለበትም። የሚንጠባጠብ ኖዝል ማለት ባለቀ ሰዓት ነዳጅ የሚጨምር ኖዝል ነው፤ ያ ነዳጅ ጥቀርሻ ሆኖ ይወጣል። በመጨረሻ ፈጠን አድርጋችሁ ግፉና አረጫጨቱን እዩ። ከሁሉም ቀዳዳ እኩል፣ ደቃቅ ጉም መሆን አለበት። ድምፁም ጥርት ያለ ነው።

ቀዳዳውን በብረት ሽቦ መጎርጎር ክልክል ነው። ጫፉን ለማጽዳት የነሐስ ብሩሽ ይበቃል።

ስትመልሱት አዲስ የመዳብ ሮንዴላ ተጠቀሙ። አሮጌው ሮንዴላ ጉድጓዱ ውስጥ ተጣብቆ ቀርቶ እንዳይሆን በባትሪ እዩ። ሁለት ሮንዴላ ከተደራረበ ኖዝሉ ከቦታው ከፍ ይልና ነዳጁ የሚያርፍበት ቦታ ይቀየራል። ብዙ ሰው ይህን ይረሳል። ከዚያ አዲስ ኢንጀክተር ገብቶም ጭሱ ለምን አልጠፋም ብሎ ይገረማል።

አንድ ሲሊንደር ከሌሎቹ ይልቅ ሞቃት ጭስ ካወጣ ራኩን በመቀነስ ቁጥሩን ለማሳመር አትሞክሩ። በሽታው እያለ ቴርሞሜትሩን ማስታመም ይሆናል። ምክንያቱን ፈልጉ፤ ኢንጀክተር፣ የነዳጅ ፓምፕ ወይም የጭስ ቫልቭ።

5. አየር

የሚገባው አየር ቀዝቃዛና ብዙ ሲሆን ጥቀርሻውም ኖክሱም ይቀንሳሉ። ቅድም ሚዛን ናቸው ያልኩት እዚህ ቦታ ላይ አይሠራም። ሁለቱም አብረው የሚወርዱበት እምብዛም ስለማይገኝ ይህን እርምጃ እወደዋለሁ።

አንድ ጊዜ አንድ ሞተር ለሦስት ሳምንት አስቸግሮን ነበር። ጥቁር ጭስ ነው። ኢንጀክተር ቀየርን። ፓምፕ ፈታን። የቫልቭ ክፍተት ለካን። ምንም የለም። በመጨረሻ ከቱርቦው ቀጥሎ ያለውን የአየር ማቀዝቀዣ ከፈትነው። ክንፎቹ በዘይት ጉምና በጨርቅ ብናኝ ተሸፍነው እንደ ብርድ ልብስ ሆነዋል። የአየር ግፊቱን ከማቀዝቀዣው በፊትና በኋላ ብንለካ ኖሮ በአሥር ደቂቃ የምናገኘው ነገር ነበር። ዛሬም ይቆጨኛል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይሄ ይሁን፦ መጀመሪያ ፊልትሮው፣ ቀጥሎ ቱርቦው፣ ከዚያ ማቀዝቀዣው። የቱርቦውን የአየር ጎን በውሃ የምታጥቡት ሞተሩ በከፍተኛ ጭነት ላይ እያለ ነው። የጭስ ጎኑን ግን በዝቅተኛ ጭነት ታጥቡታላችሁ፤ ሞቃት ተርባይን ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ከደፋችሁ ይሰነጠቃል። ሁሌም ንጹሕ ውሃ ይሁን፣ የባሕር ውሃ በፍጹም። መጠኑም አምራቹ ከፈቀደው አይለፍ።

በማቀዝቀዣው የባሕር ውሃ በኩል ደግሞ ቀንድ አውጣና ጭቃ ይገባል። በበጋ የፋርስ ባሕረ ሰላጤ ውሃ ከ30 ዲግሪ ሴልሺየስ ያልፋል። እዚያ የምትሠሩ ከሆነ ማቀዝቀዣው ንጹሕ ሆኖም ይጨነቃል፤ ቆሽሾማ አይታሰብም። አየሩም እርጥብ ስለሆነ የተጠራቀመውን ውሃ ማፍሰሻ ክፍት መሆኑን እዩ።

6. ነዳጅ

ሰልፈር ላይ የሞተሩ ጥገና ምንም አያደርግም። ነዳጁ ውስጥ የገባው ሁሉ በጭሱ ይወጣል። ሒሳቡ ቀላል ነው። ሰልፈር ሲቃጠል ክብደቱ በእጥፍ ይጨምራል። 0.50 በመቶ ሰልፈር ያለው አንድ ቶን ነዳጅ 10 ኪሎ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ያወጣል። 0.10 በመቶ ከሆነ 2 ኪሎ ነው። ከሚሊዮን 15 ክፍል ብቻ ሰልፈር ያለው በጣም ንጹሕ ናፍጣ ደግሞ 30 ግራም።

ለንግድ መርከቦች 0.50 በመቶ ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዓለም ጣሪያ ነው። ልዩ ቁጥጥር ባለባቸው ባሕሮች ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 0.10 ነው፤ ሜዲትራንያንም ከግንቦት 1 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ወዲህ ገብታበታለች። የአሜሪካና የኔቶ የጦር መርከቦች የሚጠቀሙት ኤፍ-76 የተባለ የተጣራ ናፍጣ ነው። ስለዚህ በትልልቅ የንግድ መርከቦች ላይ የምታዩት የጭስ ማጠቢያ ማማ እዚህ አያስፈልግም።

ነዳጅ ስትረከቡ የሰልፈሩን ወረቀት ጠይቁ፣ ናሙናም አስቀሩ። የመኪና ናፍጣ ንጹሕ ነው ብላችሁ ግን አትቀበሉ። ለመርከብ ነዳጅ የሚቀጣጠልበት ሙቀት ከ60 ዲግሪ ማነስ የለበትም። የመኪናው ከዚያ በታች ሊሆን ይችላል፤ ይህ የእሳት ጉዳይ ነው። አንዳንድ የጦር መርከቦች ነዳጅ በቀነሰ ቁጥር በቦታው የባሕር ውሃ የሚያስገቡ ታንኮች አሏቸው። እነሱ ላይ ውሃ ማፍሰስና ማጣሪያ ሴንትሪፉጁን መጠበቅ የዕለት ሥራ ነው። ወደ ዝቅተኛ ሰልፈር ስትዛወሩ የሞተር ዘይቱም አልካሊ መጠን ከነዳጁ ጋር መመጣጠኑን አምራቹን ጠይቁ።

7. አነሳስና ወደብ

ቀዝቃዛ ሞተር አታስነሱ። የማቀዝቀዣውን ውሃ በማሞቂያው አሙቁ፣ ዘይቱን በቅድመ ፓምፑ አዙሩ፣ ከዚያ አስነሱ። ከተነሳ በኋላም ለሰዓት በባዶ አታቆሙት፤ እንደተረጋጋ ጭነት ስጡት።

ወደብ ላይ ከየብስ የኤሌክትሪክ መስመር ካለ ጄነሬተሩን አጥፉ። ከመቀየራችሁ በፊት ቮልቴጁን፣ ፍሪኩዌንሲውንና የፌዞቹን ቅደም ተከተል አረጋግጡ፤ ካገናኛችሁም በኋላ ኬብሉ እንዳይግል ተከታተሉ። የተሽከርካሪ መጫኛው ክፍል ውስጥ ሞተር ሲነሳ ማናፈሻዎቹ ሁሉ ይሥሩ። እዚያ የሚቆመው ሰው ብዙ ጊዜ የሚረሳው ነው።

8. ታይሚንግ፣ ውሃ እና ካታሊስት

ነዳጁ ትንሽ ዘግይቶ እንዲገባ ማድረግ ኖክስን ይቀንሳል። ነዳጅ ፍጆታንና ጭስን ግን ይጨምራል። ከአምራቹ ፈቃድ ውጪ አትንኩት።

ውሃን ከነዳጅ ጋር አዋህዶ መርጨትም ይሠራል። እንደ ልምድ፣ በነዳጁ ውስጥ ለሚጨመር አንድ በመቶ ውሃ አንድ በመቶ ገደማ ኖክስ ይቀንሳል። ውሃው ጨው የሌለው መሆን አለበት፤ መርከብ ላይ ያ ውድ ነው። ሞተሩን ከማጥፋታችሁ በፊት ውሃውን ዝጉና መስመሩ በንጹሕ ነዳጅ እስኪታጠብ አሠሩት።

ትልቁ መሣሪያ ኤስ ሲ አር ነው። ዩሪያ የተባለ ፈሳሽ ጭሱ ላይ ይረጫል። ዩሪያው ወደ አሞኒያ ይለወጥና ካታሊስቱ (ኬሚካላዊ ለውጡን የሚያፋጥነው ነገር) ላይ ኖክስን ወደ ናይትሮጅንና ውሃ ይመልሰዋል። በደንብ ከሠራ ከ80 በመቶ በላይ ይቀንሳል። የብሪታንያ ባሕር ኃይል ኤችኤምኤስ ታማር በተባለችው የጥበቃ መርከቡ ላይ ገጥሞታል። ለመርከብ የሚውለው ዩሪያ 40 በመቶ ነው፤ የከባድ መኪናው 32.5 በመቶ ስለሆነ አታደባልቁ።

ችግሩ ካታሊስቱ ሙቀት መፈለጉ ነው። ጭሱ ከ300 ዲግሪ ገደማ በታች ሲወርድ፣ በተለይ ነዳጁ ሰልፈር ካለው፣ ካታሊስቱን የሚደፍን ጨው ይፈጠራል። ሙቀቱ የሚወርደው ደግሞ በዝቅተኛ ጭነት ነው። ሦስተኛውን እርምጃ ሳይሠራ ኤስ ሲ አር የገጠመ መርከብ፣ መሣሪያው አብዛኛውን ሰዓት ተዘግቶ ይውላል። ቦታና ክብደት ይወስዳል፣ የጭሱንም መውጫ ያጨናንቃል። የተገጠመላችሁ ከሆነ የጭሱን ግፊት በየቀኑ መዝግቡ። የአሞኒያ ሽታ ከመጣ ዩሪያው በዝቷል ወይም ካታሊስቱ ደክሟል።

9. ከውሃ በታች፣ ከዚያም እንደገና መለካት

የቆሸሸ የመርከብ ሆድ ሞተሩን ያስጨንቃል። ጠላቂዎቹ ሆዱንና ፕሮፔለሩን በጊዜው ያጽዱ። ፍጥነትም አለ። የሚያስፈልገው ኃይል በፍጥነቱ ኩብ ስለሚሄድ፣ ፍጥነትን በ10 በመቶ መቀነስ ኃይሉን በ27 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ያኔ ሞተር ማጥፋት ትችሉ እንደሆነ ወደ ሠንጠረዡ ተመለሱ።

ሁሉም ሲያልቅ በሁለተኛው እርምጃ ያደረጋችሁትን ልኬት በዚያው ጭነት፣ በተቀራራቢ የባሕር ሙቀት ድገሙት። አዲሱን ቁጥር ከአሮጌው ጎን ጻፉ። ምን ቀን፣ የትኛው ሲሊንደር ላይ፣ ምን እንደተቀየረ ከሥሩ ይመዝገብ። ደብተሩንም ተተኪው ፈረቃ በሚያገኘው ቦታ አስቀምጡት።